የመዝገቡ ምስክሮች፦ በሊኑክስ ሰርቨር ላይ የብሎክቼይን አረጋጋጭ የማቆም ታሪክ

መዝገብ ያለ ምስክር አይጸናም። የዕድር ጸሐፊም ሆነ የባንክ የሒሳብ ሹም፣ የጻፈውን የሚያይ ሁለተኛ ዓይን ከሌለ፣ መዝገቡ የራሱ የጸሐፊው ቃል ከመሆን አያልፍም። መዝገብ ያዡን ከገንዘብ ያዡ፣ ገንዘብ ያዡንም ከተቆጣጣሪው ለይቶ ማስቀመጥ በሙያ ዓለም የታወቀ ሥርዓት የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ብሎክቼይን የሚባለው የመዝገብ አያያዝ ይህንኑ የቆየ ሥርዓት በአዲስ መልክ ያመጣ ነው። በዚህ አያያዝ ዋና መዝገብ ቤት የሚባል የለም፤ በየአገሩ የተቀመጡ በሺህ የሚቆጠሩ ኮምፒዩተሮች እያንዳንዳቸው መዝገቡን ይይዛሉ፤ አዲስ ገጽ፣ ማለትም ብሎክ፣ በተጨመረ ቁጥርም እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ይመረምሩታል። ይህን ሥራ የሚሠራው ኮምፒዩተር ኖድ ይባላል። በኖዱ ላይ ሆኖ፣ የራሱን ገንዘብ በመያዣነት አስቀምጦ፣ «ይህ ገጽ ትክክል ነው» ብሎ የሚፈርመው ደግሞ አረጋጋጭ ይባላል። አረጋጋጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሥራ ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደሚከናወን፣ በየጊዜው ምን ስሕተት እንደተፈጸመበትና ከስሕተቱም ምን ትምህርት እንደተገኘ ለሙያ ባልደረቦቻችን ማመልከት ነው። ለአብነት የተመረጠው ኢቴሪየም የተባለው መረብ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት፣ በመረቡ ላይ የደረሱት ብልሽቶች በአብዛኛው ፕሮግራሞቹን በሠሩት ሰዎች በራሳቸው እጅ ለአደባባይ ተጽፈው ስለሚገኙ ነው። ስለ ገንዘቡ የገበያ ዋጋ ግን ጽሑፉ አይናገርም። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጄኔራሎቹ ጥያቄ

የነገሩ ሥር ከብሎክቼይን በእጅጉ ይቀድማል። በ1982 ሌስሊ ላምፖርት፣ ሮበርት ሾስታክና ማርሻል ፒዝ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች የኮምፒዩተርን ችግር በጦር ሜዳ ምሳሌ አድርገው አቀረቡ። አንድ ከተማ የከበቡ የቢዛንታይን ጄኔራሎች አሉ እንበል። የሚነጋገሩት በመልእክተኛ ብቻ ነው፤ ሁሉም ባንድነት ካላጠቁ ወይም ባንድነት ካላፈገፈጉ ይሸነፋሉ፤ ከመካከላቸው ግን ከዳተኞች አሉ። ከዳተኛው ለአንዱ «አጥቃ»፣ ለሌላው «አፈግፍግ» የሚል ቃል ይልካል። ታማኞቹ እንዴት አድርገው ከአንድ ውሳኔ ይደርሳሉ?

ተመራማሪዎቹ ያገኙት መልስ አስገራሚ ነበር። መልእክቱ ሊካድ በማይችል ፊርማ ካልታሰረ በቀር፣ አንድ ከዳተኛ ባለበት ቦታ ሦስት ጄኔራሎች አይበቁም፤ ቢያንስ አራት ያስፈልጋሉ። በጠቅላላው ከዳተኞቹ ከሲሶ ማነስ አለባቸው። ዛሬ በብዙ የብሎክቼይን መረቦች ላይ አንድ ገጽ ጸና የሚባለው የመያዣው ሁለት ሦስተኛ ሲመሰክርለት መሆኑ ከዚህ ስሌት ጋር የተያያዘ ነው።

ሁለተኛው መሠረት የተጣለው በ1991 ነው። ስቱዋርት ሀበርና ስኮት ስቶርኔታ የተባሉ ተመራማሪዎች በኮምፒዩተር የተጻፈ ሰነድ ቀኑ ወደ ኋላ እንዳይመለስበት የሚያደርግ ዘዴ አወጡ። ዘዴያቸው ከእያንዳንዱ ሰነድ የሒሳብ አሻራ ማውጣት፣ ያንን አሻራም ከቀደመው ሰነድ አሻራ ጋር ማሰር ነበር። አንዱን አሮጌ ሰነድ የነካ ሰው ከዚያ ወዲህ ያለውን ሰንሰለት ሁሉ ያፈርሳል። ከ1995 ጀምሮም የሰንሰለቱ ማጠቃለያ አሻራ በኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የማስታወቂያ ዓምድ በየሳምንቱ ይታተም ጀመር። በዚያን ጊዜ ምስክሩ የጋዜጣው አንባቢ ሕዝብ ነበር ማለት ይቻላል። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም ኦክቶበር 31 ቀን 2008 የወጣው የቢትኮይን ጽሑፍ ከጠቀሳቸው 8 ሥራዎች መካከል 3ቱ የእነዚህ ሰዎች መሆናቸው የዝምድናውን ቅርበት ያስረዳል።

መሣሪያዎቹ

በዚያው በ1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስ ለራሱ መጠቀሚያ የጀመረውን የኮምፒዩተር ሥርዓት ለሌሎች አስታወቀ። ሥራው ከ1969 ጀምሮ በቤል ላቦራቶሪ ኬን ቶምሰንና ዴኒስ ሪቺ ያነጹትን የዩኒክስን መንገድ የተከተለ ነበር። በ1992 ሊኑክስ ማንም ሰው አይቶ፣ ለውጦና አባዝቶ እንዲጠቀምበት በሚፈቅደው የግኑ ፈቃድ ሥር ገባ። ለአረጋጋጭ ሥራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ምስክር የሚሆን ማሽን ውስጡ የማይታይ ከሆነ የምስክሩን እውነተኝነት ማን ይመሰክራል?

በዚያችው አገር፣ በ1995፣ ታቱ ይሎነን ከሩቅ ሆኖ ሰርቨርን በምስጢር ለማዘዝ የሚያገለግለውን ኤስኤስኤች የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ለዚህ ያነሣሣው በዩኒቨርሲቲው መረብ ላይ የይለፍ ቃል ሌቦች ያደረሱት ጥቃት ነበር። የኮምፒዩተሮችን ሰዓት በመረብ አማካይነት የሚያስተካክለው ኤንቲፒ ደግሞ የዴቪድ ሚልስ ሥራ ሲሆን በ1985 የተጀመረ ነው። ሰርቨሩ ጠፍቶ ሲነሣ ፕሮግራሞቹን ያለ ሰው እጅ መልሶ የሚያስነሣው ሲስተምዲ በ2010 መጣ። እንግዲህ አረጋጋጭ የሚያቆም ሰው በእጁ የሚይዛቸው መሣሪያዎች አብዛኞቹ ለብሎክቼይን ተብለው የተሠሩ አልነበሩም።

ከኤሌክትሪክ ወደ መያዣ

ጃንዋሪ 3 ቀን 2009 የጀመረው ቢትኮይን ምስክሮቹን የሚመርጠው በጉልበት ነው። ገጽ የመጻፍ መብት የሚያገኘው ከባድ የሒሳብ እንቆቅልሽ ቀድሞ የፈታ ኮምፒዩተር ነው፤ አታላዩን የሚያግደውም የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ወጪ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ማናቸውም የቤት ኮምፒዩተር ይሠራው ነበር። ከ2013 ወዲህ ግን ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠሩ ማሽኖች መስኩን ስለያዙት ተራው ሰው ከምስክርነቱ ሥፍራ ተገፍቶ ወጣ።

ከጉልበት ይልቅ መያዣን ዋስ ማድረግ ይቻላል የሚለው ሐሳብ በሥራ የታየው በ2012 ፒርኮይን በተባለው መረብ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ብርቱ ጥያቄ አስከተለ። እንቆቅልሽ ለመፍታት ኤሌክትሪክ ያስፈልጋል፤ መፈረም ግን ምንም ወጪ የለውም። ታዲያ ምስክሩ እርስ በርሳቸው ለሚቃረኑ ሁለት ገጾች እንዳይፈርም ምን ያግደዋል? በጃንዋሪ 2014 ቪታሊክ ቡቴሪን ያቀረበው ሐሳብ ቀጥተኛ ነበር፤ ሁለት ጊዜ የፈረመ ሰው ሁለቱ ፊርማዎቹ ራሳቸው ማስረጃ ሆነውበት ይቀጣ የሚል። በ2017 ቡቴሪንና ቨርጂል ግሪፊዝ ይህንኑ አሻሽለው፣ መያዣ ያላቸው ምስክሮች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ገጽ የሚያጸኑበትን ሥርዓት በጽሑፍ አወጡ። ጁላይ 30 ቀን 2015 እንደ ቢትኮይን በጉልበት ሥራ የጀመረው ኢቴሪየም ወደ መያዣ ለመዛወር የተሰናዳው በዚህ መንገድ ነው።

ሰርቨሩ እንዴት ይሰናዳል

የስሕተቶቹን ታሪክ ለመረዳት አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በዛሬው ሥርዓት አረጋጋጭ የሚያቆም ባለሙያ በመጀመሪያ ሰፊና ፈጣን ማከማቻ ያለው ማሽን ያዘጋጃል፤ መዝገቡ በየቀኑ ስለሚያድግ የሚሽከረከር አሮጌ ዲስክ አይበቃውም። ሊኑክስን ከጫነ በኋላ የይለፍ ቃልን ዘግቶ በቁልፍ ብቻ የሚገባበትን ኤስኤስኤች ያቆማል፤ ፋየርዎሉን ይተክላል፤ ከሌሎች ኖዶች ጋር የሚነጋገርባቸውን በሮች፣ እንደ ልማዱ 30303ንና 9000ን፣ ብቻ ይከፍታል።

ቀጥሎ ሁለት ዋና ፕሮግራሞች ይጫናሉ። የመጀመሪያው የክፍያውን ትእዛዝ እየፈጸመ ሒሳቡን የሚያሰላው ነው፤ ጌት፣ ነዘርማይንድና ቤሱ ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ከሌሎች ምስክሮች ጋር የሚስማማው ነው፤ ፕሪዝም፣ ላይትሃውስ፣ ቴኩ፣ ኒምበስና ሎድስታር የታወቁት ናቸው። ሁለቱ በአንድ ምስጢራዊ ፋይል እየተማመኑ በ8551 በር በኩል ይነጋገራሉ፤ ይህ በር ለውጭ ሰው ፈጽሞ መከፈት የለበትም። በሦስተኛ ደረጃ ፊርማውን የሚፈርመው የአረጋጋጩ ፕሮግራም ይመጣል። እያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱ የተወሰነ መብት ያለው ተጠቃሚ ተፈጥሮለት፣ በሲስተምዲ ሥር አገልግሎት ሆኖ ይቆማል።

ቁልፎቹ የሚወለዱት ከመረብ በተለየ ኮምፒዩተር ላይ ነው። ከነርሱ ጋር የሚወጡት 24 ቃላት በወረቀት ተጽፈው ይቀመጣሉ እንጂ ወደ ሰርቨሩ አይገቡም። በመጨረሻ 32 ኢተር በመያዣነት ይከፈላል። ከዚያ በኋላ ጊዜ በ12 ሰኮንድ ይቆረጣል፤ 32 ቁራጮች አንድ ዙር ይሆናሉ፤ ይህም 6 ደቂቃ ከ24 ሰኮንድ ነው። አረጋጋጩ በየዙሩ አንድ ጊዜ ይመሰክራል፤ ከቀረ በጥቂቱ ይቀጣል። ሁለት ተቃራኒ ምስክርነት ከሰጠ ግን መያዣው ተቀንሶ ከምስክርነት ይባረራል።

ሰዓቱ የሳተበት ሰሞን

መረቡ በእውነተኛ ገንዘብ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኦገስት 4 ቀን 2020 መዳላ የተባለ ይፋ የሙከራ መረብ ተከፈተ። ከአረጋጋጮቹ አብዛኞቹ አንዱን ፕሮግራም፣ ፕሪዝምን፣ መርጠው ነበር። በሚገባ የተዘጋጀ መመሪያ ስለነበረውና ስለሚቀል ምርጫው የሚያስወቅስ አልነበረም።

በ10ኛው ቀን፣ ኦገስት 14፣ አደጋው ደረሰ። ፕሪዝም ሰዓቱን የሚያስተካክለው ከስድስት የሰዓት ሰርቨሮች የሚያገኘውን አማካይ እየወሰደ ነበር። ከስድስቱ አንዱ ሰዓቱን በ24 ሰዓት አስቀድሞ ተናገረ። ሃያ አራት ለስድስት ሲካፈል አራት ነውና የፕሪዝም ተጠቃሚዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ በአራት ሰዓት ወደፊት ሸሹ፤ ገና ላልደረሰ ጊዜም ይመሰክሩ ጀመር። የቀሩት ፕሮግራሞች ሰዓታቸው ትክክል ቢሆንም ሁለት ሦስተኛ የሚሆን ምስክር ስላልነበራቸው ገጹን ሊያጸኑ አልቻሉም።

የፕሪዝም ባለሙያዎች ችግሩን ለማቃለል በጥድፊያ ያወጡት ማስተካከያ ራሱ ብልሽት ነበረበት፤ ሌላ ማስተካከያ እስኪወጣ ድረስ ሁኔታው ባሰ። የሌሎቹ ፕሮግራሞች ሰርቨሮችም በተፈጠሩት ብዙ የመዝገብ ቅርንጫፎች ብዛት ማስታወሻቸው ተጨናነቀ። መረቡ ወደ ቀድሞ ሁኔታው የተመለሰው ከብዙ ቀናት በኋላ ነው። የጠፋው የሙከራ ገንዘብ በመሆኑ ማንም አልከሰረም። ዳሩ ግን ሁሉም በግልጽ ያየው አንድ ነገር ነበር፤ በሺህ የሚቆጠሩ ምስክሮች አንድ የእጅ ሰዓት እየተዋሱ ከሆነ በቁጥር ብዙ፣ በምስክርነት አንድ መሆናቸውን።

አንድ ቁልፍ በሁለት ማሽን

ዲሴምበር 1 ቀን 2020 እውነተኛው የመያዣ መረብ 21,063 አረጋጋጮችን ይዞ ተነሣ። ሲፈራ የነበረው የከዳተኞች ጥቃት ነበር። ነገር ግን የመጀመሪያው የመባረር ቅጣት በሁለተኛው ቀን ሲወድቅ፣ ከዚያም ወዲህ የተከተሉት ሲታዩ፣ ከቅጣቶቹ ብዙዎቹ የመጡት ከክፋት ሳይሆን ከአሠራር ጉድለት ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለብዙ ዓመታት ሰርቨር ሲጠብቅ የኖረ ባለሙያ የተማረው አንዱ ማሽን ሲወድቅ ሌላው ወዲያው እንዲተካ ተጠባባቂ ማዘጋጀትን ነው። ለባንክም፣ ለሆስፒታልም፣ ለጋዜጣ ድርጅትም ሥርዓቱ ይኸው ነው። ያንኑ ልማድ ወደ አረጋጋጭ ሲያመጣው፣ ያው የፊርማ ቁልፍ በሁለት ማሽን ላይ ይቀመጣል። የመጀመሪያው የጠፋ መስሎ ሳይጠፋ ሲቀር ሁለቱ ማሽኖች ለአንዱ ዙር ሁለት የተለያየ ምስክርነት ይሰጣሉ። መረቡ የሰውዬውን ቅን ልብ አይመረምርም፤ የሚያየው ሁለት ፊርማ ብቻ ነው።

በፌብሩዋሪ 2021 አንድ አገልግሎት ሰጪ ድርጅት 75 አረጋጋጮቹ በአንድ ሰሞን ተባረሩበት። ፕሮግራሙ ቀደም ሲል የፈረመውን የሚያስታውስበት መዝገብ፣ ሥራው እንዲፈጥን ተብሎ፣ ማሽኑ ሲጠፋ ሲነሣ እንዳይቆይ ተደርጎ ነበር። ምስክሩ ትናንት ያለውን ረስቶ ዛሬ ሌላ ተናገረ ማለት ነው። ከዚህ የተወሰደው ትምህርት ለሙያችን እንግዳ ነበር፤ በዚህ ሥራ ለአንድ ሰዓት ጠፍቶ መቆየት ጥቂት ሳንቲም ያስቀጣል፤ ሁለት ጊዜ መናገር ግን ከሥራው ያስወጣል። ስለሆነም ጥንቃቄ ማለት ቶሎ መተካት መሆኑ ቀርቶ፣ የመጀመሪያው ማሽን በእርግጥ መሞቱን አረጋግጦ፣ የፊርማ ማስታወሻውንም ይዞ መሄድ ሆነ።

መረቡ ሳይቆም የተለወጠው

ሴፕቴምበር 15 ቀን 2022 ጠዋት ኢቴሪየም የጉልበቱን ሥርዓት ትቶ በመያዣ ምስክሮች እጅ ገባ። ሥራው ለአንድ ሰዓት እንኳ አልተቋረጠም። የመረቡ የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከ99 በመቶ በላይ እንደቀነሰ ተገምቷል። ለሰርቨር ጠባቂው ግን ቀኑ ሌላ ትርጉም ነበረው፤ እስከዚያ ድረስ የሒሳቡን ፕሮግራም ከሌላ ሰው ይዋስ የነበረ አረጋጋጭ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱንም ፕሮግራሞች በራሱ ሰርቨር ላይ ማቆም ግድ ሆነበት። መያዣን መልሶ ማውጣት የተፈቀደው ደግሞ ኤፕሪል 12 ቀን 2023 ነው፤ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ምስክሮች ከሁለት ዓመት በላይ ገንዘባቸውን ከተስፋ በቀር መውጫ በሌለው ቦታ አስረው ቆይተዋል።

የተሻለውና የከፋው ፈተና

በሜይ 2023 መረቡ ሁለት ጊዜ ገጽ ማጽናት አቃተው፤ በ11ኛው ቀን ለ25 ደቂቃ ያህል፣ በማግስቱም ከአንድ ሰዓት በላይ። ያለፈባቸውን ምስክርነቶች ለመመርመር ሲሉ ፕሪዝምና ቴኩ የተጫነባቸው ብዙ ሰርቨሮች ከአቅማቸው በላይ ተጨናንቀው ነበር። ሆኖም ግን በሌላ ስልት የተሠሩት ፕሮግራሞች ገጽ መጻፋቸውን ስላላቋረጡ መረቡ የማንም ትእዛዝ ሳያስፈልገው ራሱን አቃና። የመዳላ ትምህርት በከንቱ አልቀረም ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2025 ሆልስኪ በተባለው የሙከራ መረብ ላይ የደረሰው ከሁሉ የሚያስተምር ነው። ለመጪው ማሻሻያ ልምምድ ሲደረግ፣ የመያዣው ገንዘብ የሚገባበት የሒሳብ አድራሻ ለዚያ መረብ በትክክል ሳይመዘገብ ቀርቶ ነበር። ስሕተቱ የተገኘው በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ብቻ አልነበረም፤ ጌት፣ ነዘርማይንድና ቤሱ ሦስቱም ተሳሳቱ። ትክክለኛውን የያዙት አነስተኛ ተጠቃሚ ያላቸው ሁለት ፕሮግራሞች፣ ኤሪጎንና ሬዝ፣ ነበሩ። የምስክሮቹ ብዛት ስለዚህ ለሐሰተኛው ገጽ መሰከረ፤ እውነቱ በጥቂቶቹ ዘንድ ቀረ። የተሳሳቱት በቀላሉ እንዳይመለሱ ደግሞ ቃልን መለወጥ የሚያስቀጣው ደንብ ያዛቸው። ሙከራው ወደ መስመሩ የተመለሰው ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማርች 10፣ በሰዎች ስምምነትና ርብርብ ነው። ማሻሻያው ተመርምሮ በዋናው መረብ ላይ ያለ ችግር የዋለው ሜይ 7 ቀን 2025 ነበር።

ከዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነጥብ አለ። ከመዳላ በኋላ ባለሙያዎች «ፕሮግራሞቹ ይለያዩ» ብለው መከሩ፤ ምክሩም ደግ ነበር። በሆልስኪ ግን በተለያዩ ሰዎች፣ በተለያየ ቋንቋ የተጻፉ ሦስት ፕሮግራሞች አንዱን ነገር ባንድነት ዘነጉ። መለያየት በፕሮግራሙ ስም ብቻ የሚቆም ነገር አይደለም፤ ወደ ሰዓቱ፣ ወደ ቅንብሩ፣ ወደ ቁልፉና ወደ ሰውዬው ልማድ ድረስ መውረድ አለበት።

መደምደሚያ

በ2024 የኢቴሪየም አረጋጋጮች ቁጥር ከአንድ ሚሊዮን አልፎ ነበር። ቁጥሩ የሚያኮራ ቢመስልም አንድ ድርጅት በሺህ የሚቆጠሩትን ሊያቆም እንደሚችል መዘንጋት አይገባም። የ2025ቱ ማሻሻያ ለአንድ አረጋጋጭ የሚቆጠረውን መያዣ ከ32 ወደ 2,048 ኢተር ከፍ እንዲል የፈቀደው፣ በአንድ እጅ ያለውን በብዙ ስም መቁጠር ለመረቡ ሸክም እንጂ ጥንካሬ ስላልሆነለት ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው የአበው ቃል እዚህ ላይ ይሠራል፤ ድሩ የሚያብረው ግን ብዙ ክር ሲኖር ነው። አንዱን ክር መቶ ጊዜ ቢያጥፉት መቶ ክር አይሆንም፤ የተበጠሰ ቀን ሁሉም ባንድ ላይ ይበጠሳል። ስለዚህ በሰርቨር ላይ አረጋጋጭ የሚያቆምም ሆነ «ብዙ ምስክር አለኝ» የሚል ማናቸውም የመዝገብ ሥርዓት የሚመረምር ባልደረባችን፣ ከቁጥሩ በፊት እነዚህን አራት ጥያቄዎች ቢያስቀድም መልካም ይመስለናል፤ ፕሮግራሙ የማን ነው? ሰዓቱ ከየት የመጣ ነው? ቅንብሩን ማን ጻፈው? ቁልፉስ በስንት ቦታ አለ? ከ1982 ጀምሮ በጄኔራሎቹ ምሳሌ የታሰበው ስለ ከዳተኞች ነበር። ያለፉት ዓመታት ታሪክ የሚያሳየን ግን ታማኞቹ ሁሉ ከአንድ ምንጭ ጠጥተው ባንድነት መሳሳታቸው ከከዳተኛው ያላነሰ የሚያስፈራ መሆኑን ነው።